የነሐሴ ሳልመን፦ ዓሣውና ሕጉ

አገር ቤት ነሐሴ ወንዝ የሚሞላበት ወር ነው። በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ስቴት፣ በሲያትልና በዙሪያዋ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በነሐሴ ዝናብ ከራቀ ሰንብቷል፤ ወንዙ ቀጥኖ ድንጋዩ ገጦ ይታያል፤ ውሃውም ይሞቃል። ሳልመን ከውቅያኖስ ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለሰው ደግሞ በዚሁ በከፋ ወቅት ነው። ዘንጉን የያዘ ሁሉ ፒዩጄት ሳውንድ ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ የሚጎርፈውም ያኔ ነው። ስቴቱ ለዚህ አጥማጅ ያዘጋጀለት ደንብ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ የመንጠቆው ዓይነት፣ የዓሣው ዝርያ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የትኛው ወንዝ ከየትኛው ድልድይ በታች ክፍት እንደሆነ ሳይቀር ተዘርዝሯል። ለጀማሪ የቢሮ ጣጣ ይመስላል። የዓሣውን ኑሮ ላወቀ ግን አብዛኛው አንቀጽ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

በዚህ አካባቢ አምስት የሳልመን ዝርያዎች አሉ፦ ቺኑክ፣ ኮሆ፣ ሶካይ፣ ፒንክ እና ቸም። ሁሉም ጨው በሌለው ውሃ ይፈለፈላሉ፣ ባሕር ወርደው ያድጋሉ፣ ከዚያም እንቁላል ሊጥሉ ይመለሳሉ። የትውልድ ወንዛቸውን ለይተው የሚያገኙት በማሽተት ነው፤ የውሃውን ጠረን ገና በጫጩትነታቸው ይዘውታል። ወንዝ ከገቡ በኋላ መብላት ያቆማሉ። ባሕር ላይ ያጠራቀሙትን ስብ እየጨረሱ ሽቅብ ይወጣሉ፣ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፣ ይሞታሉ።

ትራውት የሳልመን የቅርብ ዘመድ ነው፤ እሱ ግን እንቁላል ጥሎ በሕይወት ሊቀጥል ይችላል። ሬይንቦ ትራውት ዕድሜውን በሙሉ ወንዝ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ከዚያው ዝርያ ባሕር ወርዶ የሚመለሰው ደግሞ ስቲልሄድ ይባላል፤ የዋሽንግተን ስቴት መለያ ዓሣም እሱ ነው። ትራውት ለእኛም ፈጽሞ ባዳ አይደለም። ባለፈው ምዕተ ዓመት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቋል፤ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ስላገኘም ለምዷል።

የዓሣውን ጉዞ በዓይን ማየት ለሚፈልግ ሲያትል ከተማ ውስጥ ባላርድ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ መርከቦችን ከባሕር ወደ ሐይቅ የሚያሸጋግር፣ እ.ኤ.አ. በ1917 የተመረቀ ግድብ ይገኛል። ከግድቡ ጎን 21 እርከን ያለው የዓሣ መወጣጫ ተሠርቷል፤ በመስታወት መስኮቶቹ በኩል ዓሣው ከውሃው ፍሰት ጋር ሲታገል በነጻ ይታያል። በሐምሌ አጋማሽ ሶካይ ይበዛል፣ ነሐሴ የቺኑክ ነው፣ መስከረም የኮሆ። ፒንክ የሁለት ዓመት ዕድሜ ብቻ ስላለው በፒዩጄት ሳውንድ በብዛት የሚመጣው በአውሮፓ አቆጣጠር ጎዶሎ በሆኑ ዓመታት ነው፤ 2025 አንዱ ነበር፣ 2027 ይከተላል። በእነዚያ ዓመታት ጀልባ የሌለው ሰው እንኳ ከባሕሩ ዳር ቆሞ ሮዝ ቀለም የተቀባች ማባበያ እየወረወረ ሊቀናው ይችላል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ፈተና ይመጣል፦ የያዝከው ምንድን ነው? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፣ ኮሆ ብሎ የወረወረ ሰው የተከለከለውን ቺኑክ ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱም ባሕር ላይ ብርማ ናቸው። ልምድ ያለው አጥማጅ መጀመሪያ የሚያየው አፉን ነው። የቺኑክ የታችኛው ድድ ጥርሱ ሥር ድረስ ጥቁር ነው፤ የኮሆ ግን ጥርሶቹ የበቀሉበት መስመር ነጣ ይላል። ቀጥሎ ጅራቱን ያያል። የቺኑክ ጥቁር ነጠብጣብ በጅራቱ ላይኛውም ታችኛውም ክፍል አለ፤ የኮሆ በላይኛው ብቻ። ፒንክ ከሆነ ነጠብጣቡ ትልልቅና ሞላላ ነው፣ ቅርፊቱም ከሁሉም ይደቃል። ይህን ሁሉ ዓሣው ከውሃ ሳይወጣ መለየት ያስፈልጋል። ምክንያቱም በፒዩጄት ሳውንድ ማስቀረት ያልተፈቀደን ሳልመን ጀልባ ላይ ማውጣቱ ራሱ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ፈተና ዓሣው የዱር መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነው፤ ምልክቱም ከጀርባው ክንፍና ከጅራቱ መካከል ያለችው ትንሽ ሥጋማ ክንፍ ናት። በዓሣ ማራቢያ ጣቢያ የሚፈለፈሉ የቺኑክና የኮሆ ጫጩቶች አብዛኞቹ ወደ ወንዝ ከመለቀቃቸው በፊት ይህች ክንፍ ትቆረጥላቸዋለች። ስለዚህ ክንፏ ተቆርጣ ጠባሳው የዳነ ዓሣ የማራቢያ ነው፤ ክንፏ ካለች ብዙውን ጊዜ የዱር ነው ተብሎ ይለቀቃል። የፒዩጄት ሳውንድ የዱር ቺኑክ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የመጥፋት ሥጋት ካንዣበበባቸው ዝርያዎች ጋር በፌዴራል ሕግ ተመዝግቧል። በአካባቢው የሚኖሩት ኦርካ ዓሣ ነባሪዎችም ዋና ምግባቸው እሱ ነው።

የሚለቀቅ ዓሣ ካለ ደግሞ እንዲተርፍ ሆኖ መያዝ አለበት። በፒዩጄት ሳውንድ ሳልመን የሚጠመደው ጥርስ በሌለው ነጠላ መንጠቆ የሆነው ለዚህ ነው። ጥርስ የምንለው መንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የምትመለሰውን ሹል ነው፤ በፒንሳ ጨፍልቆ ማስተኛት ይቻላል። በብዙ የትራውት ወንዞች ላይ ትልና እንቁላል የመሰለ እውነተኛ ምግብ መጠቀም የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዓሣው እውነተኛ ምግብ ሲያገኝ ወደ ሆዱ ይውጠዋል፤ መንጠቆው ስንጥቡን ወይም አንጀቱን ከወጋው ቢለቀቅም ላይተርፍ ይችላል። በሰው ሠራሽ ማባበያ ሲያዝ ግን ብዙውን ጊዜ ከንፈሩ ላይ ነው። ከአፉ ውጭ በጎኑ ወይም በጅራቱ የተያዘ ሳልመንም መለቀቅ አለበት፤ ይህ ባይሆን ኖሮ በቀጠነ ወንዝ ውስጥ የተከማቸውን ዓሣ መንጠቆ እየጎተተ የሚወጋው ሰው በበዛ ነበር።

ወቅቱን ከባድ የሚያደርገው ሙቀቱ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የዓሣው ፍላጎት ግን ይጨምራል። ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ውሃ ውስጥ መንጠቆ ላይ ሲታገል የቆየ ትራውት፣ ከቆላ መጥቶ እንጦጦ ላይ እንደሮጠ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ለጊዜው ዋኝቶ ቢሄድም በኋላ ሊሞት ይችላል። በሞንታና ስቴት የውሃው ሙቀት ለተከታታይ ሦስት ቀናት 23 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ሊከለከል ይችላል፤ ጠዋት ውሃው ቀዝቀዝ ሲል ይፈቀዳል። የሙቀት ጉዳት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በኮሎምቢያ ወንዝና በገባሮቹ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሶካይ በሞቀ ውሃ ምክንያት እንዳለቀ ተገምቷል። ዓሣውም ይህን ፈርቶ ወንዙ አፍ ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን የመጸው ዝናብ ይጠብቃል። አጥማጁ እዚያ የሚሰበሰበው ዓሣው ስላለ ነው፤ ሕጉ የወንዝ አፎችን አንዳንዴ የሚዘጋውም ዓሣው ማምለጫ ስለሌለው ነው።

ይህን ሁሉ የሚወስነው ማን ነው? የስቴቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 በተፈረሙ ውሎች የአካባቢው ነባር ሕዝቦች መሬታቸውን ሲያስረክቡ በጥንት ቦታቸው የማጥመድ መብታቸውን አስጠብቀው ነበር። ውሉ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ተጣሰ፤ እንደ ኒስኳሊ ተወላጁ ቢሊ ፍራንክ ጁኒየር ያሉ አጥማጆች በገዛ ወንዛቸው ላይ እየተያዙ ታሰሩ፤ እሱ ብቻ ከ50 ጊዜ በላይ። እ.ኤ.አ. በ1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሽ የሚደርሰው የእነሱ ድርሻ እንደሆነ ፈረዱ፤ በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፍርዱን መሠረት አጸና። ዛሬ ስቴቱና ነባር ሕዝቦቹ በየፀደዩ ተቀምጠው ስንት ዓሣ እንደሚመለስ ይገምታሉ፣ ድርሻውን ይከፋፈላሉ። ለስፖርት አጥማጁ የሚደርሰው ኮታ ከዚያ የተረፈ ነው፤ ኮታው ካለቀ ወቅቱ ከታሰበው ቀን በፊት ይዘጋል።

ሕግ የማይደርስበት ነገርም አለ። በሲያትል አካባቢ ጅረቶች ኮሆ ከዝናብ በኋላ እንቁላሉን ሳይጥል ሲሞት ለዓመታት ታይቶ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች ገዳዩን ለዩት፦ ከመኪና ጎማ የሚወጣ ኬሚካል ነው። ጎማው እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመርበት ንጥረ ነገር ከአየሩ ኦዞን ጋር ሲገናኝ መርዝ ይሆናል፤ ዝናቡ ከአስፋልቱ አጥቦ ጅረት ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ ዘንግ ጨብጦ የማያውቅ ባለመኪናም የዚህ ታሪክ ተካፋይ ነው።

ለማጥመድ ላሰበ አንባቢ ነገሩ ይህን ያህል ነው። ዕድሜህ 15 ከሞላ ፈቃድ አውጣ፤ የፈቃዱ ዓመት ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ነው። ከፈቃዱ ጋር የሚሰጠው ካርድ ላይ ያስቀረኸውን ሳልመን እዚያው ወዲያው መዝግብ፤ ቤት ገብቼ እሞላዋለሁ ማለት አይሠራም። የምትለቀውን ዓሣ በረጠበ እጅ ያዝ፣ ስንጥቡን አትንካ። ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ በከተማዋ መሐል በሚያልፈው በተበከለው የዱዋሚሽ ወንዝ ለመብል የሚመከረው አላፊው ሳልመን ነው፤ እዚያው ኖሮ ያደገውን ዓሣና ሸርጣን አትብላ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን አስቸኳይ ማስታወቂያ በወጣህበት ዕለት ጠዋት ተመልከት። ትናንት ክፍት የነበረ ውሃ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል፤ አልሰማሁም ማለትም ከቅጣት አያድንም።