በማጀት የሚሰናዳ ምስል

በኮምፒውተርም ሆነ በስልክ ስክሪን ላይ የሚታይ ተንቀሳቃሽ ምስል ለተመልካቹ እዚያው የሚሣል ቢመስልም፣ አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው ከዓይን በተሰወረ የሜሞሪ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ይህ አሠራር በግራፊክስ ባለሙያዎች ዘንድ «ኦፍስክሪን ሬንደሪንግ» ይባላል። ሬንደሪንግ የቅርጽን፣ የቀለምንና የብርሃንን መረጃ አስልቶ ወደ ምስል መለወጥ ነው፤ ኦፍስክሪን የሚለው ደግሞ ምስሉ ከስክሪኑ ውጪ መዘጋጀቱን ያመለክታል። ማዕድ በማጀት ተሰናድቶ ካበቃ በኋላ ለእንግዳ እንደሚቀርብ ሁሉ፣ ምስልም ለዕይታ የሚወጣው ሙሉ ሆኖ ነው።

1920 በ1080 ነጥብ ወይም ፒክሰል ያለው ስክሪን 2,073,600 ነጥቦችን ይይዛል፤ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነም ለአንድ ምስል የሚደርሰው ጊዜ ከ17 ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው። ስክሪኑ ምስሉን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ሳለ ፕሮግራሙ በዚያው ሜሞሪ ላይ ቢሥል፣ የሚሮጥ ፈረስ ከሆዱ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ እግሮቹ ብቻ ቀድመው የሄዱ ይመስላል። ስለዚህ ሁለት የምስል ማስቀመጫዎች ይዘጋጁና አንዱ ሲታይ በሌላው ላይ ይሣላል፤ ሥዕሉ ሲያልቅም ስክሪኑ አንዱን ንባብ ጨርሶ ቀጣዩን ሳይጀምር ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ከዚህም በላይ፣ ጨርሶ ለዕይታ የማይወጡ፣ ለሌላ ምስል ግብዓት ብቻ የሚሆኑ ምስሎች አሉ። ላንስ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረበው የጥላ አሣሣል ዘዴ መሠረት፣ ትዕይንቱ በመጀመሪያ የሚሣለው ከተመልካቹ ሳይሆን ከመብራቱ አቅጣጫ ነው፤ በየነጥቡ የሚመዘገበውም ቀለም ሳይሆን ከመብራቱ ያለው ርቀት ነው። ለምሳሌ አንድ ስኒ ከመብራቱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በዚያው አቅጣጫ ከስኒው ጀርባ ያለው የጠረጴዛ ገጽ ደግሞ 120 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የሚመዘገበው ለመብራቱ የቀረበው 90 ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ቀጥሎ ትዕይንቱን ከተመልካቹ አቅጣጫ ሲሥል የጠረጴዛውን 120 ከተመዘገበው 90 ጋር ያነጻጽራል፤ የጠረጴዛው ርቀት ስለሚበልጥም በመካከል ብርሃኑን የጋረደ ነገር እንዳለ ተረድቶ ነጥቡን ያጠቁራል።

በመኪና ውድድር ጨዋታ የኋላ መመልከቻ መስታወት ላይ የሚታየው መንገድም በተመሳሳይ መንገድ አስቀድሞ ለብቻው ተሥሎ በመስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ኦፕን ጂኤል 3.0 የተባለው የግራፊክስ ሥርዓትም ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉትን ማስቀመጫዎች የመደበኛ ይዘቱ አካል አድርጓቸዋል።

ያ የርቀት ምዝገባ ለማንም ተመልካች አይታይም፤ ያለ እርሱ ግን ስኒው ጥላ አጥቶ፣ በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ሳይሆን በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።