አልበላ ያለች ጫጩት

በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ስለ ጫጩት ነው። ስለ ትልቅ ዶሮ አይደለም። ትልቅ ዶሮማ የተሰጣ እህል ካየች ተባርራም አትሄድም። እኔ የምለው እናት ስለሌላት የአንድና የሁለት ቀን ጫጩት ነው። ጥሬ ፊቷ ተበትኖላት ዝም ብላ ቆማ ትጮሃለች። ሰው ይህን ሲያይ «ታማለች፣ ተዋት» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን አልታመመችም። ወይ በርዷታል፣ ወይ ጠምቷታል፣ ወይ ደግሞ ምግቡ የቱ እንደሆነ የሚያሳያት የለም።

በመጀመሪያው ቀን ባትበላ አትደንግጡ። ጫጩት በ21 ቀኗ ቅርፊቱን ሰብራ ከመውጣቷ በፊት የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዷ ታስገባዋለች። ይህ ስንቅ ሁለት ሦስት ቀን ያቆያታል። እናት ዶሮ ቀድመው የተፈለፈሉትን አቅፋ የቀሩትን እንቁላሎች መጠበቅ የምትችለውም ለዚህ ነው። እባብም እንደዚሁ ነው። ብዙ የእባብ ልጆች ከእንቁላል ሲወጡ አስኳሉ ሆዳቸው ውስጥ ስላለ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪቀይሩ ድረስ ምግብ አይነኩም። ውጭ አገር እባብ ቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ፤ እነሱም «አልበላ አለኝ» ብለው ይጨነቃሉ። እኔ በበኩሌ ጫጩቱ ይበቃኛል።

ስንቁ ግን ያልቃል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ያልበላች ጫጩት ትደክማለች፤ ከደከመች ደግሞ ምግብ አፏ ሥር ቢቀመጥም ለመልቀም ጉልበት አይኖራትም። ስለዚህ ያለን ጊዜ አጭር ነው።

እኛ ቤት ይህ ነገር የመጣው ሸለምጥማጥ በሌሊት እናትየዋን በወሰዳት ጊዜ ነው። አሥር ጫጩቶች ነበሯት፣ ገና ሁለት ቀናቸው ነው። ጠዋት ስናገኛቸው አንዷ በብርድ ሞታለች። እናቴ ደብተርና እስክሪብቶ የምትገዛልን ከእንቁላል ሽያጭ ስለሆነ ዘጠኙ ለእኛ ቀላል አልነበሩም። ጎረቤታችን ዶሮ በማርባት የቆዩ እማማ ናቸው። መጥተው አይተው «ጥሬውን አንሱት፣ መጀመሪያ አሙቋቸው» አሉን።

ለካ ዋናው ነገር ሙቀት ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ላባ ስለሌላት የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነስላታል። ቴርሞ ሜትር ከየት ይመጣል አትበሉ፣ ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። አንድ ላይ ተጨናንቀው ከጮሁ በርዷቸዋል። አፋቸውን ከፍተው ከአምፖሉ ከሸሹ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ድምፃቸው ዝግ ካለ ልክ ነው ማለት ነው። እኛ ካርቶን ውስጥ አድርገን ባለ 60 ሻማ አምፖል ከላይ አንጠለጠልንላቸው። አምፖሉ የድሮው ዓይነት መሆን አለበት፤ አዲሱ ነጭ አምፖል ይበራል እንጂ አያሞቅም። ካርቶኑንም ሆነ ጭዱን እንዳይነካ፣ እሳት ያስነሳል። መብራት ሲጠፋ (እንደምታውቁት ይጠፋል) ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን መሃላቸው እናስቀምጣለን። ከሰል ግን ዝግ ቤት ውስጥ በፍጹም! ጭሱ ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል።

ከሞቁ በኋላ ውሃ ነው፣ ምግብ አይደለም። ለብ ያለ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨምረን እያንዳንዷን በእጃችን ይዘን የምንቃሯን ጫፍ ብቻ ነከርን። አፍንጫዋ ከምንቃሯ በላይ ስለሆነ እስከዚያ ከነከራችኋት ትታፈናለች። ቀና ብላ ከዋጠች ተምራለች፤ ሁለተኛ ማሳየት አያስፈልግም። የውሃው ሰሃን ጠፍጣፋ ይሁን፣ ውስጡም ጠጠር ይደርደርበት። አለበለዚያ ትገባበትና ወይ ትሰምጣለች ወይ ረጥባ ይበርዳታል።

አሁን ወደ ምግቡ። ጫጩት መልቀም ከእንቁላል ስትወጣ ጀምሮ ትችላለች፤ የማታውቀው ምን እንደምትለቅም ነው። ስለዚህ የራሷን ጣት ትነቁራለች፣ የጓደኛዋን ዓይን ትነቁራለች፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ትነቁራለች። እናት ዶሮን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ ምግብ ስታገኝ ዝም ብላ አትውጠውም። ቁቅ ቁቅ እያለች ጥሬውን አንስታ መልሳ ትጥለዋለች፣ ደግማ ታነሳዋለች። ያ ሁሉ ትምህርት ነው እኮ! ጫጩቶቹ ሮጠው መጥተው እሷ የነካችውን ይነካሉ። እኛም እንደዚያ አደረግን። ምግቡን ሰሃን ላይ ሳይሆን የተዘረጋ ሻካራ ካርቶን ላይ በተንን፤ ፕላስቲክ ያንሸራትታቸውና እግራቸው ይከፈታል። ከዚያ እኔ በእርሳስ ጫፍ ምግቡን ቶሎ ቶሎ እየመታሁ «ቁቅ ቁቅ» አልኩ። ወንድሜ በሳቅ ሞተ። ግን አንዷ መጣች፣ እርሳሱ የነካውን ለቀመች፣ ሌሎቹ እሷን አይተው ተከተሉ።

ምግቡ የተቀቀለ አስኳል በደንብ ተፈርፍሮ፣ ሻከር ተደርጎ ከተፈጨ በቆሎ ጋር ተደባልቆ ነው። ጫጩት እንቁላል ትበላለች ስል የሚገርማችሁ ካላችሁ፣ ቅርፊቱ ውስጥ ሆና የበላችው ምን ነበር? ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ጫጩት መኖ አዞርናቸው። ጤፍም ይለቅማሉ፣ ግን በአሁኑ ዋጋ ለእኛም አልበቃ።

አንዷ ጥቁሯ ግን እንቢ አለች። ሞቃለች፣ ውሃ ጠጥታለች፣ እርሳሱን ቆማ ታያለች፣ አትለቅምም። ታላቅ እህቴ አፏን ፈልቅቃ ልታጎርሳት ስትል እማማ ከለከሏት። የጫጩት መተንፈሻ ቀዳዳ ምላሷ ሥር ነው፤ በግድ የፈሰሰ ነገር ወደ ሳንባዋ ይገባል። የግድ ከሆነ አንዲት ጠብታ በምንቃሯ ጎን ብቻ ነው። ይልቅ ገልብጠው ቂጧን አዩ። (አትሳቁ!) ኩስ ደርቆ ደፍኖባታል። መውጫ የሌላት እንዴት ትብላ? በለብታ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ቀስ ብለን አለሰለስነው። ጎትቶ መንቀል ቆዳዋን ስለሚቀድ አይሆንም። ካደረቅናት በኋላ ከሁሉም የምትስገበገበዋን ጫጩት ለይተን ሁለቱን ብቻቸውን ትንሽ ካርቶን ውስጥ አደረግናቸው። ብዙ ሆነው ሲራገጡ ደካማዋ ትገፋለች፤ ብቻዋን ከሆነች ደግሞ የምታየው የላትም። ጓደኛ የሌላት ጫጩት ካለቻችሁ ትንሽ መስታወት አስደግፉላት፣ የራሷን ምስል ጓደኛ ይመስላታል።

ጫጩት መልቀሟና መብላቷ የተለያየ ነው፤ አንስታ የምትጥልም አለች። የሚታወቀው ማታ ነው። ከአንገቷ ሥር፣ ደረቷ ላይ፣ ጥሬ የሚጠራቀምባት ከረጢት አለች። በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ስትዳብሱ ባዶ ከሆነች ቆዳ ብቻ ነው፤ የበላች ከሆነች ለስለስ ያለ እብጠት ታገኛላችሁ። ጥቁሯን በመጀመሪያው ማታ ስዳብሳት ምንም የለም። በማግስቱ ጠዋትም ምንም የለም። ማታ ግን ሽምብራ የምታክል ነገር ጣቴ ሥር ገባች።