ቆሻሻው የት ይደፋል?

«ወራጅ አለ፣ ቆሼ ጋ!» ሲባል ያልሰማ የአየር ጤና ታክሲ ተሳፋሪ የለም። ቆሼ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተከመረበት ሰፈር፤ ቆሸሸ ከሚለው ግሥ የተወለደ፣ ሁለት ፊደል ብቻ የሆነ፣ ለእንግዳ እንኳ ሳይተረጎም የሚገባ ስም። ኮሚቴ ተሰብስቦ አላወጣውም። ለነዋሪው ሊከብደው ይችላል፤ እንደ ስም አወጣጥ ካየነው ግን የተዋጣለት ነው። የሌለ አገር ፈጥሮ ሊጽፍ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው እንዲህ ያለ ስም ማግኘት ላይ ነው።

ፋንታሲ የሚባለውን ድርሰት፣ እኛ ምናባዊ ልብ ወለድ እንበለውና፣ ከሌላው የሚለየው ዘንዶና አስማት አይደለም። ስለ ፒያሳ የሚጽፍ ደራሲ ፒያሳን ተውሶ ይጽፋል፤ ዳገቱንና ቁልቁለቱን አንባቢው ያውቅለታል። የምናቡ ደራሲ የሚዋሰው የለውም። ጨው ከየት እንደሚመጣ፣ ነጋሪት ለማን እንደሚጎሰም፣ ሙት ወዴት ዞሮ እንደሚቀበር የሚወስነው ራሱ ነው። የወሰነውን ሁሉ አይጽፈውም፤ አሥር አውቆ አንዱን ይጽፋል። የቀሩት ዘጠኙ መኖር አለመኖራቸውን ግን አንባቢ ያሸታል።

«የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉ አሉ። ልብ ወለድ የሚለው ቃል ራሱ ከየት መጣና! የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ «ጦቢያ» የተባለው በኋላ ነው። ጦቢያ ወንድ መስላ፣ የጠፋ መንታ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትወጣ የምትረግጠው አገር ይህ ነው ተብሎ አይጠራም፤ ዘመኑም እንዲሁ። አሐዱ ያልነው በሌለ አገር ነው ማለት ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በ«ፋቡላ» አውሬዎችን መድረክ ላይ አናገሩ። ቤተ መንግሥቱ የትኛው አውሬ ማን እንደሆነ አልጠፋውም፤ ቴያትሩ ተከለከለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማት ከሳይንስና ከስለላ ጋር ሲያጋባ አዲስ መንገድ የከፈተ መሰለን እንጂ፣ የቆየ መንገድ ነበር የጠረገው።

ከመጽሐፍም በፊት የተገነቡ ዓለማት አሉን። የዛርን አመጣጥ የሚያወራውን አፈ ታሪክ ተመልከቱ። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ሰግታ ቆንጆዎቹን 15 ደበቀቻቸው፤ የተደበቁትም ተሰውረው ቀሩ፣ ዛር ሆኑ። በቃ። ከአንዲት እናት ሥጋት አንድ ሙሉ ሕዝብ ተወለደ፤ ሹመት ያለው፣ ወገን ያለው፣ በታዩት ወንድሞቹ የሚቀና፣ ግብር የሚጠይቅ። ያደረበትን ሰውም «ፈረሴ» ይለዋል። ስለ ዛር የፈለጋችሁትን እመኑ፤ እንደ ዓለም ግንባታ ግን ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። አንድ ምክንያት፣ ከዚያ የማይታጠፍ ውጤት።

ከዚህ ጎተራ ስትዘግኑ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በአመድ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል የተባለው ቡዳ የተረት ፍጡር ብቻ አልነበረም። በስሙ የተገለሉት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች የሥጋና የደም ሰዎች ነበሩ።

ወደ ቆሼ ልመለስ። ቆሼ ባለበት ረጲ ላይ ቆሻሻ መደፋት የጀመረው በ1950ዎቹ ነው፤ ያኔ የከተማ ዳር ነበር። ከተማዋ አደገችና ከበበችው። ከዚያው ሰፈር ደግሞ ዘነበወርቅ አለ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከከተማ ርቀው የኖሩበት፤ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርትም እዚያው ነው። አዲስ አበባ የጣለችውን ዕቃና የፈራችውን ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ሸኘች። የተጣለው ግን በዚያው አልቀረም። ላስቲኩ፣ ጠርሙሱ፣ ብረቱ ተለቅሞ ይሸጣል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ላይ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። በዚህ የሚተዳደር ሰው ክምሩ ሥር ጎጆ ቀለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተናደ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እያቃጠለ መብራት እንዲያመነጭ የታቀደው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ።

ይህን የማነሣው የሞቱትን የድርሰት ማጣፈጫ ለማድረግ አይደለም። አንድ ከተማ ማንን እንደሚያከብር፣ ማንን እንደሚረሳ፣ ገንዘብ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከቆሻሻ መድፊያው ስለሚነበብ ነው። ጀማሪዎች ያሳዩኝ ረቂቆች ውስጥ ሰባት መንግሥታት፣ የወርቅ ግንብና የሚበር ፈረስ አይጠፋም። የፈረሱን ፋንድያ የሚዝቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም። አስማተኛው ተራራ ሲያፈርስ ፍርስራሹ የት ይሄዳል? ማን ይሸከመዋል? በስንት? ለዚህ መልስ ያለው ደራሲ ገጸ ባሕርይ ፍለጋ አይንከራተትም፤ ተሸካሚው ራሱ ታሪክ ይዞ ይመጣል።

«ቆሻሻ የሌለበት ዓለም ብፈጥርስ?» ይቻላል። አባቶች ፈጥረውታል። በገድለ ዞሲማስ የሚተረከው የብሔረ ብፁዓን አገር ማረሻም ወይን ተከላም የብረት ሥራም የለበትም። የሚጣል ነገር ከየት ይመጣል! ንጽሕናው እንኳ ምክንያት አለው።

ስም አወጣጡ ላይ የአማርኛ ጸሐፊ የታደለ ነው። እንግሊዛዊው የቋንቋ መምህር ቶልኪን «ዘ ሆቢት»ን እ.ኤ.አ. በ1937 ከማሳተሙ ብዙ ዓመት በፊት፣ ከፊንላንድና ከዌልስ ቋንቋዎች ድምፅ እየቀዳ የራሱን ቋንቋዎች ሲሠራ ኖሯል። እኛ ሥርወ ቃል አለን። ጠለቀ ከሚለው ተነሥቼ፣ ቆሼን አይቼ፣ ፀሐይ የምትገባበትን ሰፈር «ጥልቄ» ብለው አንባቢዬ መዝገበ ቃላት አይፈልግም። ሲሰማው አዲስ ነው፣ ሲያስበው የሚያውቀው ነው። ኤልዶርና ዛልታር የሚባሉ ጀግኖች ጎንደሬ አማርኛ ሲናገሩ ማንበብ ግን፣ ልንገራችሁ፣ ይሰለቻል።

«የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚሉት ደግሞ፣ ፈረንጆች ራሳቸው እኛን ምናብ ሲያደርጉን ኖረዋል። ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን ሳይረግጥ እ.ኤ.አ. በ1759 በ«ራሴላስ» የሐበሻ ልዑላንን ደስታ በሞላበት ሸለቆ ዘጋባቸው፤ መነሻው ልዑላን በእውነት የታሰሩበት አምባ ነው። ሲራክ ኅሩይ መጽሐፉን ወደ አማርኛ ሲመልሱት የገዛ ተረታችን ዞሮ መጣልን።

እንግዲህ ለመጻፍ ያሰባችሁ፣ ደብተር ግዙና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ካርታ ሳሉ። ወንዙን፣ ገበያውን፣ ግንቡን አስቀምጡ። ከዚያ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚነፍስ ወስኑና መድፊያውን አመልክቱ፤ ሽታው የሚደርሰውን ሰፈርም ስም አውጡለት። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከዚያ ሰፈር ይጀምር።