የወለጋ ድምፅ ስንት ይመዝናል? የምርጫ ክልል ወሰን እንዴት ይሰመራል፣ እንዴትስ ይሻሻል?

በግንቦት 1997ቱ ምርጫ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የማንም ፓርቲ ዕጩ ሳይሆኑ በግላቸው ቀርበው ደምቢ ዶሎ ላይ አሸነፉ። ከርዕሰ ብሔርነት ከወረዱ አራት ዓመት ሊሞላቸው ነበር፤ ከገዢው ድርጅትም ተለያይተዋል። በዚያው ምርጫ በአቶ ቡልቻ ደመቅሳ የሚመራው የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ 11 መቀመጫ ሲያገኝ ዋነኛ መሠረቱ ወለጋ ነበር።

ስለዚያ ምርጫ ብዙ ተብሏል። ከተባለው መካከል ግን ይህን ጥያቄ የምትሰሙት ከስንት አንዴ ነው፦ «ደምቢ ዶሎ የምርጫ ክልል» የሚባለው መሬት ከየት ተነስቶ የት ያበቃል? ማንስ ከለለው? ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ከአንድ ገጠር ወረዳ፣ ግማሹ ከሌላው ጋር ተዳብሎ ቢሆን ኖሮ፣ የአገሬው ሰው የሚያውቃቸው አንድ የግል ዕጩ ያሸንፉ ነበር? ሊያሸንፉም ላያሸንፉም ይችላሉ። መራጩ ሐሳቡን ሳይለውጥ ውጤቱ ሊለወጥ ይችላል፤ የዚህ ምዕራፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የመረጠው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓትን ነው። በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ መቀመጫውን ይወስዳል፤ ለተሸነፉት የተሰጠው ድምፅ ወደ ጎረቤት የምርጫ ክልል አይሻገርም፣ በአገር አቀፍ ደረጃም አይደመርም። በ2002ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን፣ በ2007ቱ ደግሞ 547ቱንም ወሰዱ። በአገሪቱ ገዢውን ድርጅት ያልመረጠ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ያልመረጠው ሰው በየምርጫ ክልሉ ስለተበተነና የፖለቲካ ምኅዳሩም ጠባብ ስለነበረ ነው። እንዲህ ባለው ሥርዓት የመስመሩ አቀማመጥ ከባድ ጉዳይ ነው።

መስመሩ የሚሰመረው በምን መለኪያ ነው? በአገራችን መነሻው ወረዳ ነው። የምርጫ ሕጉ ሲወጣ የተያዘው ሐሳብ ለ100 ሺ ሕዝብ አንድ ተወካይ የሚል ነበር። ሕገ መንግሥቱ በበኩሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ይወስናል፤ ከእነዚህም ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ ይጠበቃል። አንቀጽ 103 ደግሞ ሥራውን ለሦስት አካላት ያከፋፍላል፦ ሕዝብ በየ10 ዓመቱ ይቆጠራል፤ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ በቆጠራው ላይ ተመሥርቶ የአከላለል ረቂቅ ያቀርባል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

እስኪ ወረቀትና እርሳስ እንያዝ። በ1999ኙ ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 73.8 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ለ547 ሲካፈል ለአንድ ተወካይ 135 ሺ ያህል ሰው ይደርሳል። በዚያን ጊዜ እንኳ 100 ሺ የሚለው መለኪያ ጊዜው አልፎበት ነበር። ዛሬ የሕዝቡ ቁጥር ከ100 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ሁሉም ግምቶች ይስማማሉ፤ በ100 ሺ እንከፋፍል ብንል ከ1 ሺ በላይ መቀመጫ ያስፈልገናል። ጣሪያው ግን 550 ነው፤ የቀረን ሦስት ብቻ!

የአገሪቱን አማካይ ትተን ክልል ከክልል ስናስተያይ ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል። በ1999ኙ ቆጠራ ኦሮሚያ 27 ሚሊዮን ያህል ሕዝብና 178 መቀመጫ ነበራት፤ ለአንድ መቀመጫ 152 ሺ ሰው ይደርሳል። ሶማሌ 4.4 ሚሊዮን ሕዝብ ይዞ 23 መቀመጫ አለው፤ ለአንዱ ከ190 ሺ በላይ ማለት ነው። አማራ 17.2 ሚሊዮን በ138፣ ለአንዱ 125 ሺ ገደማ። አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን በ23፣ 119 ሺ። ትግራይ 4.3 ሚሊዮን በ38፣ 114 ሺ አካባቢ። መቀመጫው ሁሉ በሕዝብ ብዛት ብቻ ቢከፋፈል ኖሮ ኦሮሚያ 200 ያህል፣ ሶማሌ 33 ያህል ይደርሳቸው ነበር፤ አማራ ወደ 128፣ ትግራይ ወደ 32፣ አዲስ አበባ ወደ 20 ዝቅ ይሉ ነበር። ለአነስተኛ ብሔረሰቦች የሚጠበቀው መቀመጫ ስሌቱን ትንሽ ያዛባዋል እንጂ አይገለብጠውም። ስለዚህ በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ የተሰጠ አንድ ድምፅ መቐለ ላይ ከተሰጠው ያነሰ ክብደት ነበረው። ይህን የማነሣው አንዱን ክልል ከሌላው ለማጣላት አይደለም። ሲከፈል የሚጎድልበት ስላለ ማንም ሊነካው የማይደፍረው ጉዳይ መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው።

ስለ ምርጫ ወሰን የተጻፉ የውጭ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት እ.ኤ.አ. በ1812 የማሳቹሴትስ አገረ ገዢ ኤልብሪጅ ጄሪ ከፈረመው ጠማማ ካርታ ነው። ያ ሆን ተብሎ የተሠራ ማጣመም ነበር። የእኛ ችግር ሌላ ነው፦ መስመሩ ቆሞ ቀርቷል። ሕዝብ ሲበዛ፣ ከገጠር ወደ ከተማ ሲፈልስ፣ ሲፈናቀል፣ መስመሩ ባለበት ነው። በኅዳር 2010 ሊካሄድ የነበረው ቆጠራ ተራዘመ፤ በ2011 ይካሄዳል ተብሎ እንደገና ተራዘመ፤ በ2012ም እንዲሁ። ቆጠራ ከሌለ ረቂቅ የለም፣ ረቂቅ ከሌለ ውሳኔ የለም። 2013 ላይም ምርጫው የተደረገው በዚያው በ547ቱ የድሮ የምርጫ ክልሎች አከላለል ነው።

ይህ በወለጋ ምን መልክ አለው? ነቀምቴ በ1987 ቆጠራ 47,258፣ በ1999 ደግሞ 75,219 ነዋሪ ነበራት። በ12 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ አደገች። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፣ ከዚያ ቆጠራ ወዲህም ከተማዋ በዲጋም በጉቶ ጊዳም አቅጣጫ ተለጥጣለች። በመስከረም 2011 ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ካማሺ ዞን የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ገቡ፤ ብዙዎቹ ነቀምቴ ላይ ተጠለሉ። በኋላም ከኪረሙና ከጊዳ አያና አካባቢ ቤታቸውን ጥለው የወጡ ተጨመሩባቸው። ነቀምቴን ዛሬ የሚያያት ሰው ከ1999ኟ ከተማ ጋር አያገናኛትም፤ የመቀመጫ ድርሻዋ ግን ያው ነው።

በሌላ በኩል የአስተዳደር ወሰን እንደ ምርጫ ወሰን ቆሞ አልጠበቀም። የቀድሞው ጉቶ ዋዩ ወረዳ ጉቶ ጊዳና ዋዩ ቱቃ ሆኗል። ጊዳ ኪረሙ ለሁለት ተከፍሏል። ዞኖቹም ከሁለት ወደ አራት አድገዋል፤ ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎና ሻምቡ ዛሬ የየራሳቸው ዞን መቀመጫ ናቸው። የምርጫ ክልሎቹ ቁጥር ግን ስላልጨመረ፣ ወረዳ በተከፈለ ቁጥር አዲስ ተወካይ አይመጣም። አንድ ገበሬ ግብር የሚከፍልበት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሌላ፣ ተወካይ የሚመርጥበት ክልል ስፋት ሌላ ሊሆን ይችላል። ተወካዩም ሁለት የወረዳ አስተዳደር፣ ሁለት የመንገድ ጥያቄ፣ ሁለት የውኃ ኮሚቴ ተሸክሞ አዲስ አበባ ይገባል።

በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የነበረውን ደንብ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አገሩ በተቻለ መጠን 200 ሺ ያህል ሰው በሚይዙ የምርጫ ወረዳዎች ይከፈል፣ ቅርጻቸውም የተስተካከለ ይሁን ይላል። እያንዳንዱም ሁለት እንደራሴ ነበረው። ከ30 ሺ ሕዝብ በላይ ያለው ከተማ ደግሞ ለብቻው አንድ እንደራሴ፣ ከዚያ በላይ ለሚኖረው ለእያንዳንዱ 50 ሺ ሌላ አንድ ተጨማሪ ያገኛል። ፓርቲ በሌለበት፣ ባለ ንብረት ብቻ በሚወዳደርበት ምርጫ የተሟላ ውክልና ነበር ማለት አይቻልም። ከተማ የራሱ ጥቅምና የራሱ ችግር እንዳለው ግን ደንቡ ተረድቶት ነበር። በዚያ ስሌት የ1999ኟ ነቀምቴ የራሷ እንደራሴ ይገባት ነበር፤ ነዋሪዋ 80 ሺ ሲደርስ ሁለተኛው ይጨመርላታል። ይህን ሐሳብ አንስቶ መመርመር ዛሬም የሚያስነውር አይመስለኝም።

ከውጭ ልምድ ለእኛ የሚቀርቡት ሕንድና ኬንያ ናቸው። ሕንድ የግዛቶቿን የፓርላማ መቀመጫ ድርሻ እ.ኤ.አ. በ1971 ቆጠራ ላይ አቁማ፣ ይህንኑ እገዳ ለአሥርት ዓመታት አራዘመች። ምክንያቷ ግልጽ ነበር፦ የወሊድ ምጣኔያቸውን የቀነሱት የደቡብ ግዛቶች በመቀነሳቸው መቀመጫ እንዳያጡ። ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር አላበቃም፤ ግን ውሳኔው በሕግ ተጽፎ፣ ቀነ ገደብ ተቆርጦለት፣ በአደባባይ የተወሰነ ነው። እኛ ዘንድ መስመሩ የቆመው ማንም እንዲቆም ሳይወስን ነው።

ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ 290 የምርጫ ክልሎችን ወስና፣ የሕዝብ ብዛታቸው ከአማካዩ በምን ያህል ሊለይ እንደሚችል ጽፋለች፦ ለከተሞችና ሕዝብ ለሳሳባቸው አካባቢዎች እስከ 40 በመቶ፣ ለሌላው እስከ 30 በመቶ። ክለሳው በየ8 እስከ 12 ዓመት መደረግ አለበት፤ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እንዲህም ሆኖ የመጨረሻው ቀን በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. አለፈ፤ የምርጫ ኮሚሽኑ ኮሚሽነሮች አልተሾሙለትም ነበር። ጥሩ ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ይህ ያሳያል፤ ቢያንስ ግን ኬንያዊው ምን እንደተጓደለበት አንቀጽ ጠቅሶ ሊናገር ይችላል።

እኛስ ከየት እንጀምር? የጣሪያው ጉዳይ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ይጠይቃል፤ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ያስፈልጋል። ተመጣጣኝ ውክልናን ወደ ሥርዓቱ የማስገባት ሐሳብም እንዲሁ፤ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ በ2009 መባቻ ለሁለቱ ምክር ቤቶች ባደረጉት ንግግር አንስተውት ነበር። እነዚህ ረጅም መንገዶች ናቸው። አጠር የሚለው በክልሉ ውስጥ ማስተካከል ነው፦ የኦሮሚያ 178 መቀመጫዎች በዞኖች መካከል፣ በከተማና በገጠር መካከል በአዲስ መልክ ቢደለደሉ ከሌላ ክልል የሚወሰድ ነገር የለም። እኔ የምደግፈው ከዚህ መጀመርን ነው። ሦስት ነገሮች ግን ይቅደሙ እላለሁ፦ የሚፈቀደው ልዩነት በመቶኛ ተቆርጦ ይጻፍ፤ ረቂቅ ካርታው ከመጽደቁ በፊት ታትሞ ይሰራጭ፤ ስብሰባውም አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ሻምቡና ደምቢ ዶሎ ላይ፣ ሰው በሚናገርበት በአፋን ኦሮሞ ይደረግ። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በክልል ምክር ቤቶች የሚወከሉ አባላት ያሉበት የፖለቲካ አካል ስለሆነ፣ ረቂቁን አስቀድሞ ሕዝብ ማየቱ ትልቅ መከላከያ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ቆጠራው ነው። በ2013ቱ ምርጫ በወለጋ አንዳንድ የምርጫ ክልሎች በጸጥታ ችግር ድምፅ አልተሰጠባቸውም። የምርጫ ካርድ ማድረስ ያልተቻለበት ቀበሌ ቆጣሪ እንዴት ይገባል? ከካማሺ ተፈናቅላ ነቀምቴ የተጠለለች እናት ለምርጫ የምትመዘገብበትን ቀን አስቡት። መዝጋቢው መታወቂያዋን ያያል፣ 18 ዓመት መሙላቷን ያረጋግጣል፣ በቦታው 6 ወር መኖሯን ይጠይቃል። የምርጫ ሕጉ ለተፈናቃዮች ልዩ ጣቢያ ስለሚፈቅድ ለቀድሞ ቀዬዋ ልትመርጥ ትችላለች። ቆጣሪው ግን ነቀምቴ ላይ ካገኛት ነቀምቴ ላይ ይቆጥራታል። ያኔ ቁጥሯ ለነቀምቴ መቀመጫ ይጨምራል፣ ድምፅዋ ለካማሺ ይሰጣል፤ ወደ ቀዬዋ ስትመለስ ደግሞ የካማሺ ድርሻ እሷ ባልነበረችበት ቁጥር ተሰልቶ ለሚቀጥሉት 10 ዓመታት ይጸናል። ስለዚህ ተፈናቃይ ቤተሰብ የት እንደሚቆጠርና ለየትኛው የምርጫ ክልል እንደሚታሰብ የሚገልጽ ደንብ ቆጣሪዎቹ ከመሰማራታቸው በፊት መውጣት አለበት።