የሞተር ጀልባ ፕሮፔለር መንሸራተት

ከላምበረት ሐይቅ አይታይም፤ ስለ ጀልባ መጻፌም አንባቢን ያስደንቅ ይሆናል። ነገር ግን በሰማያችን የሚያልፈው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላንና በጣና ላይ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚጓዘው ሞተር ጀልባ የሚሄዱበት ሕግ አንድ ነው።

እንጨት ውስጥ የሚገባ ቪት በአንድ ዙር የአንድ ጥርስ ያህል ይገባል፤ ውኃ ግን እንደ እንጨት አይጸናም፤ ይሸሻል። በአንድ ዙር 40 ሳንቲ ሜትር እንዲራመድ የተሠራ ፕሮፔለር 100 ጊዜ ሲዞር 40 ሜትር ሊሄድ ይገባው ነበር። ጀልባው 30 ሜትር ብቻ ቢሄድ የቀረው 10 ሜትር፣ ይኸውም 25 ከመቶ፣ መንሸራተት ይባላል።

ይኸን ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ ውኃው ወደ ኋላ ካልተገፋ ጀልባው ወደ ፊት አይሄድምና። በጥሩ ፈጣን ጀልባ ግን ወደ 10 ከመቶ ሊወርድ ይችላል። ለዚህም የተጣመመውን የፕሮፔለር ክንፍ ማቃናት፣ አየር እንዳይስብ በቂ ጥልቀት ላይ መትከል፣ የጀልባውን ሆድ ማጽዳት፣ ጭነቱን ማቅለል፣ በጣናም የተጠመጠመውን እምቦጭ ማስወገድ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን መለየት ይገባል። ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ጀልባው ቢዘገይ ጥፋቱ መንሸራተት ነው። ሞተሩ ራሱ መዞር ቢከብደው ግን ሌላ ነው፤ ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል በስስ አየር የሞተር ጉልበት ይቀንሳል። መድኃኒቱም በአንድ ዙር አጭር የሚራመድ ፕሮፔለር ነው። ሁለቱን ያልለየ ነጂ ቤንዚኑን በከንቱ ይጨርሳል። እንግዲህ ከመጠገን በፊት መለካት ይቅደም።