ሐሩር የሚገልጠው ደዌ

በ1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ በፈረሰችው በሰርዶ በኩል አልፎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ፣ አንዱ ጎዳና በገላፊ ወደ ጅቡቲ፣ ሌላው በኤሊዳር ወደ አሰብ ከሚለያዩባት ከዲቾቶ ሲደርስ፣ ከተማዪቱ በከባድ መኪና የምትተዳደር መሆኗን ማንም ሳይነግረው ይረዳል። በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የአሰብ በር ከተዘጋ ወዲህ የአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሚመላለስ፣ ባለ ተሳቢዎቹ ቀንም ሌሊትም አይቋረጡም፤ ጎሚስታውም ሻይ ቤቱም የሚኖሩት በነርሱ ነው። በነዚያ ግዙፋን መካከል ግን አንዳንድ ጊዜ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ ከራዲያተሯ እንፋሎት እየወጣ፣ ባለቤቷና ቤተ ሰቡ ከሚገኘው ጥላ ሥር ተጠግተው የሚጠብቋት አንዲት ያረጀች የቤት መኪና ትታያለች። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እርሷ ናት።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ በኋላ፣ አስቀድሞም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ስለ ጣለ፣ ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለገለች ኮሮላ ያለው ሰው ያለችውን ጠብቆ ከማኖር በቀር ሌላ ብልሃት አጥቷል። ይህች መኪና ልጆች ትምህርት ቤት የተመላለሱባት፣ ሙሽራ የተሸኘባት፣ ሕመምተኛ ሐኪም ቤት የደረሰባት የቤት ንብረት ናትና፣ ጥገናዋ በግምትና በችኮላ ሳይሆን በሥርዐትና በማስተዋል ሊከናወን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። እኔን የሚያሳዝነኝ የመኪናዪቱ ማርጀት አይደለም፤ ምክንያቱ ሳይመረመር ዕቃ በዕቃ ላይ እየተለወጠ የባለቤቷ ገንዘብ በከንቱ መፍሰሱና ደዌው ግን በነበረበት መቆየቱ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣ አየሯ ለዘብ ያለ በመሆኑ፣ ግማሽ አካሉ በዝገትና በደለል የተደፈነ ራዲያተር እንኳ ሥራውን የሚሠራ መስሎ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ራዲያተር ሙቀትን ለአየር የሚያስረክበው በውኃውና በአየሩ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት መጠን ነውና፣ የሞተሩ ውኃ 90 ዲግሪ፣ የከተማው አየር 20 ዲግሪ ሲሆኑ ልዩነቱ 70 ይሆናል፤ በአፋር ሐሩር፣ አየሩ 45 ዲግሪ በደረሰበት ቀትር ግን ልዩነቱ ወደ 45 ይወርዳል። ስለዚህ በዲቾቶ የፈላችውን መኪና ያሳመማት ዲቾቶ አይደለም፤ በደጋው ቅዝቃዜ ተሸፍኖ የኖረው ኅቡእ ሕመም በቆላው ሐሩር ግሁድ ሆነ እንጂ።

የሙቀት መለኪያው መርፌ ከወትሮው ከፍ ማለት ሲጀምር ነጂው መጀመሪያ የአየር ማቀዝቀዣውን ያጥፋ፣ ቀጥሎም፣ ምንም እንኳ በዚያ ሐሩር የማይታሰብ ቢመስል፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈት፤ ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር በመሆኑ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። መርፌው ካልተመለሰ ወደ ዳር ወጥቶ ሞተሩን ማጥፋት ግድ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ወጣት መካኒክ ለባለ መኪናው፣ «ጋሼ፣ ክዳኑን እንዳይነኩት፤ ይብረድ መጀመሪያ» ቢለው ምክሩ የሕይወት ምክር ነው። ደህና የሆነ የራዲያተር ክዳን ውኃውን በግፊት አፍኖ ስለሚይዝ የመፍላቱን መጠን ወደ 120 ዲግሪ ያስጠጋዋል፤ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ግፊቱ ስለሚለቀቅ ውኃው በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትንና እጅን ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም ከአሉሚኒየም የተሠራውን ቴስታታ ያጣምማል፣ አንዳንዴም ይሰነጥቃል፤ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ትዕግሥት ሞተር ከማውረድ ወጪ ያድናል።

ከበረደ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ፣ ብዙ መካኒኮች የሚዘሉት፣ መኪናዪቱ የፈላችው መቼ ነው የሚለው ነው። ቆማ ስትሠራ የምትሞቅ፣ ስትሄድ ግን የምትበርድ ከሆነች፣ በጉዞ ጊዜ ነፋሱ የሚሠራውን ሥራ በቆመች ጊዜ መሥራት የነበረበት ፋን አልሠራም ማለት ነው። ዲኤክስ በምትባለው በአሮጌዋ ኮሮላ ፋኑን የሚያዞረው ቺንጋ በመሆኑ የላላ ወይም የተሰነጠቀ ቺንጋ መፈለግ ይበቃል፤ ከርሷ በኋላ በመጣችው፣ በፊት ጎማ በምትነዳው ኮሮላ ግን ፋኑ በኤሌክትሪክ ይዞራል። በዚያ ዘመን በተሠሩት በብዙዎቹ ቶዮታዎች፣ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ የሙቀት ስዊቹ ሽቦ ሲነቀል ፋኑ ሊዞር ይገባዋል፤ ከዞረ ጥፋቱ በስዊቹ ነው፤ ካልዞረ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ በመጨረሻም ከባትሪ በቀጥታ ሽቦ ሰጥቶ የፋኑን ሞተር መፈተን ነው። በአንጻሩ ቆማ ስትሠራ ደህና ሆና በዳገትና በፍጥነት ጊዜ ብቻ የምትፈላ መኪና፣ ራዲያተሯ ተደፍኗል፣ ወይም ውኃውን የሚያዘዋውረው ፖምፓ ደክሟል፣ ወይም ቴርሞስታቷ በሙሉ አይከፈትም።

ስለ ቴርሞስታት ዘርዘር አድርጎ መናገር ተገቢ ነው፤ በአገራችን እንደርሱ በግፍ የተጣለ ዕቃ ጥቂት ነውና። መኪና በሞቀች ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥቶ መወርወር የተለመደ ፈውስ ሆኗል። ነገር ግን በብዙ ሞተሮች ይህ ዕቃ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር ሲከፍት ወደ ሞተሩ በአቋራጭ የሚመለሰውን መንገድ ይዘጋልና፣ እርሱ ከሌለ የውኃው ከፊል ራዲያተሩን ሳይጎበኝ እየተመላለሰ በቆላ ሙቀቱን ያብሳል፤ በደጋ ደግሞ ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ስለሚውል ነዳጅ ያባክናል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ምርመራው ቀላል ሆኖ ሳለ ያለ ምርመራ መኮነን ለምን? በሻይ ቤት ድስት ውኃ ጥዶ፣ ቴርሞስታቱን በሽቦ አንጠልጥሎ የድስቱን ግርጌ ሳይነካ ማጥለቅ ነው። ዝግ ሆኖ የገባው የናስ ክዳን ውኃው 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቀስ እያለ መነሣት ይጀምራል፣ ሳይፈላም በሚገባ ተከፍቶ ይታያል፤ ከእሳቱ ሲወርድ ደግሞ ተመልሶ ይዘጋል። ውኃው እየተንተከተከ ዝግ ሆኖ የቀረ እርሱ ብቻ ይጣል፤ ግን በአዲስ ይተካ።

ውኃ በየቀኑ የሚጎድላት፣ ነገር ግን ከሥሯ ጠብታ የማይታይባት መኪና የበለጠ ታሳስባለች። ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑን ከፍቶ ሲያስነሷት በራዲያተሩ አፍ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ፣ ከማርሚታዋ ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ፣ በዘይት መክፈቻውም ላይ ወተት የተቀላቀለበት ሻይ የመሰለ ዝቃጭ ከተገኘ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። ያን ጊዜ ጓርኒሲዮኑን ለውጦ መግጠም ብቻውን አይበቃም፤ ቴስታታው መጣመሙ በቀጥ ማስመሪያ ካልተለካና ካስፈለገም በቶርኖ ቤት ካልተስተካከለ፣ አዲሱም በጥቂት ወራት ይቃጠላል። መጀመሪያ ያፈላትም ምክንያት ካልታረመ ወጪው ሁሉ ይደገማል።

የአፋር ቆላ ውኃ በብዙ ስፍራ ጨዋማ በመሆኑ፣ ለአስቸኳይ ችግር ካልሆነ በቀር ከጉድጓድ እየቀዱ ራዲያተር መሙላት ቧንቧዎቹን ውስጥ ውስጡን በቅርፊት ያስደፍናል፤ የተጣራ ውኃ ከፀረ ዝገት ፈሳሽ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሎ ከሰርዶ አስቀድሞ ከምትገኘው ከሎጊያ ከተማ ይዞ መነሣት ይሻላል።

ሐሩሩ የሚፈትነው ራዲያተሩን ብቻ አይደለም። የባትሪው ውኃ ይተናል፣ ዕድሜውም ያጥራል፤ ሆኖም ማለዳ አልነሣም ያለች መኪና ሁልጊዜ ባትሪ አትፈልግም። ያደረ ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ብዙውን ጊዜ ባትሪውም ዲናሞውም ደህና ስለሆኑ፣ ጥፋቱ በዛገ የባትሪ ራስ ወይም በሞተሪኖው ሳይገኝ አይቀርም። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት የመጠጣት ባሕርይ አለው፤ ዶት 3 የሚባለው በአዲስነቱ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ የሚችል ሲሆን፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ለዓመታት ያልተለወጠ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ላይ ፈልቶ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሲሰምጥ፣ የፍሬን ሸራው አዲስ መሆኑ አይጠቅምም። በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ነው።

የጎማ ነፋስም የሚለካው ማለዳ፣ ጎማው ሳይግል ነው፤ በቀትር ከፍ ብሎ አየሁት ብሎ ማስተንፈስ፣ የላላ ጎማ አብዝቶ ስለሚተጣጠፍና ስለሚግል፣ የሚፈሩትን ፍንዳታ መጥራት ይሆናል። በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ያመለክታሉና፣ 2315 የሚል ጎማ በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዐሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ለዚህ መንገድ አይሆንም፤ መለወጥም ገና ሎጊያ ሳሉ ነው።