ሙቀትን የሚቋቋም ኢንሱሊን፦ የፔፕታይድ መድኃኒትን በኮምፒውተር መንደፍ



ንግግሬን ከአስኮ እጀምራለሁ። በልጅነቴ አንዲት ጎረቤታችን ማቀዝቀዣ ስላልነበራቸው የኢንሱሊን ብልቃጣቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ከእንስራው ሥር ያስቀምጡ ነበር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ይገባዋል። ለመሆኑ ሙቀትን የሚቋቋም ኢንሱሊን መንደፍ ይቻላልን?

ኢንሱሊን 21 እና 30 አሚኖ አሲዶች ካሏቸው ሁለት ሰንሰለቶች የተሠራ ፔፕታይድ ነው። ሲሞቅና ሲናጥ ቅርጹ ይፈታል፤ ሞለኪውሎቹም እርስ በርስ ተጣብቀው ክር መሰል ዝቃጭ ይሆናሉ፤ መድኃኒትነቱም ይጠፋል። ከታወቁት መፍትሔዎች አንዱ ሁለቱን ሰንሰለቶች በአጭር ማያያዣ አንድ ማድረግ ነው። ማያያዣው ከመጠን በላይ ሲያጥር ኢንሱሊኑ ከተቀባዩ ጋር ለመጣበቅ የሚያስፈልገውን መከፈት ያጣል፤ ሲረዝም ደግሞ ወደ ዝቃጭነት የሚወስደው መላላት ይመለሳል።

ኮምፒውተር የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። 20ዎቹን አሚኖ አሲዶች በስድስት ቦታዎች ብናፈራርቅ 64 ሚሊዮን ማያያዣዎች እናገኛለን። ሁሉንም በቤተ ሙከራ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1969 ዶርቲ ሆጅኪንና ባልደረቦቿ ካሳወቁት የኢንሱሊን ቅርጽ ተነሥተን የእያንዳንዱን እጩ ቅርጽና የኃይል ሚዛን እናሰላለን፤ ደካሞቹን ጥለን ጥቂቶቹን ለሙከራ እናስቀራለን። ትንሽ ለውጥ ምን ያህል እንደሚሠራ ሊስፕሮ ምስክር ነው፤ ሁለት ጎረቤታም አሚኖ አሲዶች ቦታ በመለዋወጣቸው ብቻ ፈጥኖ የሚሠራ ኢንሱሊን ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1996 ለአገልግሎት በቅቷል።

ሆኖም ስሌት ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኙት የፕሮቲን ንድፍና የቅርጽ ትንበያ ዘዴዎችም አንድ ብልቃጥ በ30 ዲግሪ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ አይነግሩንም። ናሙናው መሞቅና መናጥ አለበት። ኢንሱሊን መሰል የዕድገት ፋክተር ተቀባይን ያለአግባብ እንዳይቀሰቅስ፣ የሰውነትንም መከላከያ እንዳያስቆጣ መፈተሽ ይኖርበታል።

ተማሪዎቼ ሆይ፤ ንድፍ የሚጀምረው ከመስፈርት ነው። መስፈርቱን የሚጽፈው ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ብቻ ከሆነ ሙቀትን መቋቋም ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀመጣል። የፕሮቲን ቅርጾች መዛግብት ለሁሉም ክፍት ናቸውና፣ የእንስራውን ጥግ የምታውቁ እናንተ መስፈርቱን ጻፉ።